ባለ አንድ ድራይቨር ወይስ ባለ አምስት? ርካሽ ኢን-ኢር ለመግዛት ለጠየቀው ወንድም

ሰላም ወንድሜ። ሌላውም አንባቢ እንዲከተለን ጥያቄህን ባጭሩ ልድገመው። ካዛንቺስ ነው የምትሠራው። ቅዳሜና እሁድ ከባንድ ጋር ሠርግ ላይ ኪቦርድ ትጫወታለህ። ፒያሳ አንድ ሱቅ ገብተህ ሁለት ርካሽ ባለ ገመድ ኢን-ኢር፣ ጆሮ ቀዳዳ ውስጥ የሚገባ ኢርፎን ማለት ነው፣ አሳዩህ። አንዱ በየጆሮው አንድ ድራይቨር (ትንሽ ስፒከር) አለው፣ ሌላው አምስት። ዋጋቸው ብዙም አይራራቅም። ባለሱቁ «ባለ አምስቱን ውሰድ፣ ድምፁ ይለያል» አለህ። ስትሞክረውም ደመቅ ብሎ ተሰማህ፣ ግን ልብህ አላረፈም። «ድምፁንም አሠራሩንም ራሴ እንዴት ልመዝን? መድረክ ላይስ ይሆነኛል?» ብለሃል።

እኔ ስቱዲዮም መድረክም ላይ ድምፅ ነው የምሠራው፤ ይሄ ጥያቄ በየጊዜው ይመጣልኛል። መልሴን አስቀድሜ ልንገርህ፦ የድራይቨሩን ቁጥር እርሳው። በዚህ ዋጋ አንዱን ኢን-ኢር ከሌላው የሚለየው ፋብሪካው እንዴት ቲዩን እንዳደረገው (ወፍራሙን፣ መሐለኛውንና ቀጭኑን ድምፅ እንዴት እንዳመጣጠነው) እና ግራና ቀኙ ምን ያህል እንደሚመሳሰሉ ነው። ከሁለቱም በፊት ግን ጆሮህ ውስጥ በትክክል መግጠም አለበት። ያልገጠመ ኢን-ኢር ላይ ስለ ድምፅ ማውራት አይቻልም።

ስለ ቁጥሩ ትንሽ ልበልና ልለፈው። ድራይቨር ማለት ኤሌክትሪኩን ወደ ድምፅ የምትቀይረው ትንሿ ስፒከር ናት። ርካሾቹ ላይ በብዛት የምታገኘው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ዳይናሚክ ይባላል፤ ኮይልና ማግኔት ያለው፣ ስስ ሽፋን የሚያርገበግብ፣ ስፋቱ አብዛኛውን ጊዜ 10 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ሁለተኛው ባላንስድ አርማቸር ነው፤ ርዝመቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር የሆነ የብረት ሳጥን፣ ለመስማት ለተቸገሩ ሰዎች በሚሠራው መሣሪያ ውስጥም ያለው። ባለ አምስት ሲሉህ ብዙ ጊዜ አንድ ዳይናሚክ ለቤዝ (ለወፍራሙ ድምፅ)፣ አራት አርማቸር ለቀረው ማለት ነው። አምስቱ ተስማምተው እንዲሠሩ ግን ድምፁን የሚከፋፍልላቸው ክሮስኦቨር ያስፈልጋል፤ አንዱ የሚያወጣው ድምፅ የሌላውን እንዳያጠፋ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ የግራው አራትና የቀኙ አራትም እየተለኩ መጣመር አለባቸው። ይሄ ሁሉ ገንዘብ ነው። ዋጋው ሳይጨምር ቁጥሩ ብቻ ከጨመረ ከአንድ ቦታ ተቆርጧል ማለት ነው፤ የሚቆረጠው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከመለካቱና ከማጣመሩ ነው። ኤቲሞቲክ የሚባለው የአሜሪካ ድርጅት በ1991 እ.ኤ.አ ያወጣው ኢአር-4 በየጆሮው አንድ አርማቸር ብቻ ነበረው፤ እሱን እንደ መለኪያ ይዘው ለዓመታት የሠሩ ሰዎች አሉ። ይሄን የምልህ አንድ ሁልጊዜ ከአምስት ይሻላል ለማለት አይደለም። ቁጥሩ ስለ ድምፁ ምንም አይነግርህም ለማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። ኢን-ኢር የሚሠራው የጆሮህን ቀዳዳ ዘግቶ ነው። ቤዝ ማለት እዚያች ጠባብ ቦታ ውስጥ ቀስ ብሎ የሚጨምርና የሚቀንስ የአየር ግፊት ነው፤ ኢርፎኑ ጫፍ ላይ ባለው ለስላሳ ጎማ ጠርዝ አየር የሚያሾልክ ትንሽ ክፍተት ካለ ግፊቱ ይወጣል፣ ቤዙም አብሮ ይሄዳል። የሚቀርህ ቀጭንና የሚወጋ ድምፅ ነው። ሰው «ይሄ ኢርፎን ቤዝ የለውም» ብሎ ሲመልስ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የኢርፎኑ ሳይሆን የጎማው ነው። ሱቅ ውስጥ የሚሰኩልህ ደግሞ መካከለኛውን ጎማ ብቻ ነው። ካርቶኑ ውስጥ ግን ትንሽም ትልቅም አለ፤ አውጣልኝ በል፣ አትፈር። የግራና የቀኝ ጆሮ ቀዳዳ እኩል ላይሆን ይችላል፤ በግራ ትልቅ፣ በቀኝ መካከለኛ ጎማ ማድረግ ምንም ነውር የለውም።

አገባቡም ወሳኝ ነው። ቀኙን ስታስገባ በግራ እጅህ ከጭንቅላትህ በስተጀርባ ዞረህ የቀኝ ጆሮህን ጫፍ ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ አድርግ፤ ቀዳዳው ቀጥ ይልልሃል። ትንሽ እያዞርክ አስገባና ጆሮህን ልቀቅ። ከዚያ ሙዚቃ ሳትከፍት አፍህን ዘግተህ «እምምም» በል። ድምፅህ ጭንቅላትህ ውስጥ ወፍሮ በሁለቱም በኩል እኩል ካስተጋባ ዘግቷል። በአንድ በኩል ብቻ ከሆነ ያኛው ወገን እያሾለከ ነው፣ ጎማ ቀይር። ቀጥሎ ቤዝ ያለው ዘፈን ክፈትና አፍህን በሰፊው እየከፈትክ ዝጋ፣ አብረህም ዝፈን። መንጋጋህ ሲንቀሳቀስ ቤዙ ከጠፋ ጎማው ጠቦሃል። አንተ ኪቦርድ እየመታህ ከኋላ የምትቀበል ከሆነ ይሄንን ሳታረጋግጥ እንዳትወጣ፤ ሱቅ ውስጥ ቆመህ ዝም ብለህ ስታዳምጥ የገጠመው መድረክ ላይ አፍህን ስትከፍት ይከዳሃል።

ስለ ፎም ጎማም ልጨምር። ተጨምቆ ገብቶ ጆሮ ውስጥ ስለሚያብጥ ከሲሊኮኑ የተሻለ ይዘጋል፣ የውጭውንም ጫጫታ ይቀንሳል። ትሬብሉን፣ ቀጭኑን ድምፅ ማለቴ ነው፣ ትንሽ ያለዝበዋል፤ ለሚወጋ ኢርፎን መድኃኒት ነው፣ መጀመሪያውኑ ለጨለመው ግን አይሆንም። ደግሞ ቶሎ ያልቃል፣ በላብ ይቆሽሻል። የሱቁን የመሞከሪያ ጎማ ደግሞ ዝም ብለህ ጆሮህ ውስጥ አትክተት፤ ስንት ሰው ሞክሮታል። ወይ የራስህን ጎማ ይዘህ ሂድ፣ ወይ በአልኮል ጥረገው።

ሁለተኛው ወጥመድ የድምፁ ከፍታ ነው። ባለ አምስቱ «ደመቅ አለ» ያልከው ምናልባት ጮክ ስላለ ብቻ ሊሆን ይችላል። ሁለት ኢርፎን አንድ ስልክ ላይ በአንድ ዓይነት ቮልዩም ሲሰኩ እኩል አይጮኹም፤ አንዱ በትንሽ ኃይል ብዙ ድምፅ ያወጣል፣ ሌላው ብዙ ይፈልጋል። የሰው ጆሮ ደግሞ ጮክ ያለውን ድምፅ የተሻለ አድርጎ ይወስዳል። በ1933 እ.ኤ.አ ፍሌቸርና መንሰን የተባሉት ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት እንደታየው ድምፅ ሲቀንስ ጆሯችን ቤዙን ከመሐለኛው ድምፅ ይበልጥ ይረሳዋል፤ ስለዚህ ዝቅ ብሎ የሚጫወተው ኢርፎን የግድ ቀጭን ሆኖ ይሰማሃል። መፍትሔው ቀላል ነው። ሙዚቃ ሳይሆን ሰው የሚያወራበት ነገር ክፈት፣ የሬዲዮ ወሬ ይሁን ቃለ መጠይቅ። የተናጋሪው ድምፅ በሁለቱም ኢርፎን እኩል እስኪሰማህ ቮልዩሙን አስተካክልና የየራሳቸውን ቁጥር ያዝ። ከዚያ በኋላ ነው ሙዚቃ ከፍተህ የምታወዳድረው። ይሄን ካደረግክ በኋላ የባለ አምስቱ ድምቀት የት እንደሚደርስ ራስህ ታያለህ።

ምን ላዳምጥ ለሚለው፣ የራስህን ሙዚቃ ይዘህ ሂድ። ባለሱቁ የሚከፍትልህ ኢርፎኑን አድምቆ የሚያሳየውን ነው። ዘፈኑ ስልክህ ላይ የወረደና ጥራቱ ደህና የሆነ ይሁን፤ በቴሌግራም አስር እጅ የዞረ ፋይል ትሬብሉ ቀድሞ የተበላሸ ነው፣ ጥፋቱን በኢርፎኑ ታላክካለህ።

ለቤዝ ቤዝ ጊታር በግልጽ የሚሰማበት ዘፈን ምረጥ። የቤዝ ጊታር ዝቅተኛው ክር 41 ኸርዝ አካባቢ ነው፤ ኸርዝ ማለት በሰከንድ ያለው ንዝረት ነው፣ ቁጥሩ ሲያንስ ድምፁ ይወፍራል። ርካሽ ኢርፎን ላይ የሚበዛው ችግር ታች ያለው ቤዝ ሳይሆን ከ100 እስከ 250 ኸርዝ ያለው ክልል ያለ ልክ ማበጡ ነው። ይሄ ሲሆን ቤዙ ብዙ ይመስላል፣ ግን ኖታው አይለይም፣ የወንድ ድምፅም ደረቱ ላይ ብርድ ልብስ የተጣለበት ይመስላል። ከበሮ ያለበት መዝሙር ወይም ዘፈንም በጣም ይረዳል። ከበሮ ሁለት ፊት አለው፣ ሰፊውና ጠባቡ፤ የሁለቱ ምት ተለይቶ ሊሰማህ ይገባል፣ ሰፊው ሲመታም ቆዳው ተመልሶ ዝም ሲል መስማት አለብህ። አንዱ ምት ከሚቀጥለው ጋር ከተጣበቀ ቤዙ ልቅ ነው።

ለመሐሉ የሰው ድምፅን የሚያህል የለም። እዚህ ላይ አንድ ነገር ማወቅ ይጠቅምሃል። የጆሮ ቀዳዳ 2.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ርዝመት አለው፤ ክፍት ሲሆን 3,000 ኸርዝ አካባቢ ያለውን ድምፅ በተፈጥሮው ያጎላል። አእምሯችን ሕይወቱን በሙሉ የሰማው እንዲህ ነው። ኢን-ኢር ግን ቀዳዳውን ስለሚዘጋው ያ ተፈጥሯዊ ጉልበት ይጠፋል፣ ስለዚህ ፋብሪካው እዚያ ቦታ ላይ ከፍ አድርጎ ቲዩን ማድረግ አለበት። ከፍ ካላደረገ ዘፋኙ ከባንዱ ኋላ የቆመ ይመስልሃል። ካበዛው ደግሞ የሴት ድምፅና ዋሽንት ይጮኹብሃል፣ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ጆሮህ ይደክማል። ድካሙ ሱቅ ውስጥ በሁለት ደቂቃ አይታወቅም፤ ቢያንስ ሦስት አራት ዘፈን እስኪያልቅ አታውጣው።

ለትሬብል ማሲንቆ አድምጥ። ክሩም የደጋኑም የፈረስ ጭራ ስለሆነ ሲፋተግ የሚወጣው ሻካራ ድምፅ ላይ ብዙ ዝርዝር አለ። ጥሩ ኢርፎን ሻካራነቱን ያሰማሃል፣ መጥፎው ወይ ልስልስ አድርጎ ይደብቀዋል ወይ እንደ መርፌ ይወጋሃል። የአማርኛ ንግግርም ራሱ ጥሩ መመዘኛ ነው፤ ጠ፣ ጨ፣ ጸ እንደ ምት ጠንከርና ቁርጥ ብለው መውጣት አለባቸው፣ ሰ እና ሸ ደግሞ መፉጨት የለባቸውም። ሰ ባለበት ሁሉ ጥርስህን የሚያስነክስህ ከሆነ ከ5,000 እስከ 8,000 ኸርዝ ያለው ቦታ በዝቷል። ባለ ብዙ አርማቸር ርካሾች ላይ ይሄ ችግር በተደጋጋሚ ይታያል፤ ለዚህም ነው በመጀመሪያው ደቂቃ «ጥርት ያለ» የሚመስሉት።

ለእኔ ግን ከሁሉም የሚበልጠው በገና ነው። በዐቢይ ጾም በየሬዲዮው የሚሰማው፣ አስር ክር ያለው። በየክሩ ሥር የምትገባው የቆዳ ቁራጭ፣ እንዚራዋ፣ ያን ንዝረት ትፈጥራለች። አንድ ክር ሲመታ ከታች ወፍራሙ ድምፅ፣ ከላይ ደግሞ ንዝረቱ በአንድ ጊዜ ይወጣሉ። ሁለቱ ከአንድ ክር እንደወጡ አንድ ላይ ሆነው ከተሰሙህ ቲዩኒንጉ ጥሩ ነው። ንዝረቱ ከላይ ብቻውን እንደ ንብ ተንሳፍፎ ወፍራሙ ድምፅ ከታች ሌላ ቦታ የቀረ ከመሰለህ ግን በመሐል የጎደለ ነገር አለ። ባለ ብዙ ድራይቨር ላይ ክሮስኦቨሩ በደንብ ካልተሠራ እዚህ ጋ ይጋለጣል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። የድሮ ዘፈኖችን ስለምንወዳቸው ብቻ ለመመዘኛ አንጠቀምባቸው። አምሃ ሪከርድስ ሸክላ ማሳተም የጀመረው በ1969 እ.ኤ.አ ነው፤ የዚያ ዘመን ቅጂዎችና ከዚያ በኋላ የመጣው የካሴት ዘመን ሥራ ከታችም ከላይም የተቆረጠ ነው። ለነፍስ ይሆናል። ጥልቅ ቤዝና ጫፍ ያለውን ትሬብል ለመመዘን ግን አይሆንም፣ ቀድሞውኑ ቅጂው ላይ የለምና።

አሁን አንተ ኪቦርድ ተጫዋች በመሆንህ ሌላው ሰው የሌለው ዕድል አለህ። ከቻልክ ኪቦርድህን ተጠቀም፣ ካልሆነም ስልክህ ላይ ቶን ጄኔሬተር የሚባለውን መተግበሪያ ጫን። ኪቦርዱ ላይ ሳይን ዌቭ (ንጹሕ ነጠላ ድምፅ) ወይም ለእሱ የቀረበ፣ ምንም ኮረስና ሪቨርብ (ድምፁን የሚያበዙና የሚያስተጋቡ ኢፌክቶች) የሌለበት ድምፅ ምረጥ፣ ፓኑ (የግራና ቀኝ ማስተካከያው) መሐል ይሁን። የቁልፍ ንኪያውን እኩል አድርግ፤ ብዙ ኪቦርድ ላይ ተች የሚለውን ስታጠፋው ሁሉም ኖታ በእኩል ጉልበት ይወጣል። ባለ 61 ቁልፍ ኪቦርድ አብዛኛውን ጊዜ ከ65 እስከ 2,093 ኸርዝ ይሸፍናል፤ ኦክታቩን አንድ ዝቅ ስታደርግ እስከ 33 ገደማ፣ አንድ ከፍ ስታደርግ እስከ 4,186 ትደርሳለህ። ከታች ጀምረህ ግማሽ ግማሽ ድምፅ እያልክ ቀስ ብለህ ውጣ።

የምትፈልገው ሁለት ነገር ነው። የመጀመሪያው፣ ድንገት የሚዘል ወይም የሚሰምጥ ኖታ አለ ወይ? ቀስ በቀስ መለወጡ ጤናማ ነው፣ ወደ 3,000 ሲጠጋ ጎላ ማለቱም ይጠበቃል። አንድ ወይም ሁለት ኖታ ብቻቸውን ሲጮኹ ግን ቲዩኒንጉ ላይ ጉብታ አለ። ሁለተኛውና ለእኔ ዋናው፣ እያንዳንዱ ኖታ ጭንቅላትህ መሐል መቆም አለበት። ስትወጣ ስትወርድ ድምፁ ወደ ግራ ከሸሸ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ ከዞረ፣ ግራና ቀኙ አይመሳሰሉም ማለት ነው። መጀመሪያ ጎማውን አስተካክለህ ድገመው፣ ቀጥለህም ግራውን ለቀኝ ጆሮ ቀኙን ለግራ አድርገህ ሞክር። መሸሹም አብሮ ወደ ሌላው ወገን ከዞረ ጥፋቱ የኢርፎኑ ነው። እዚያው ከቀረ ወይ የጆሮህ ነው ወይ የጎማው። ርካሽ ዕቃ ላይ አንዱ ካርቶን ከሌላው ካርቶን ሊለይ ይችላል፤ ስለዚህ የሞከርከውን ራሱን ውሰድ፣ «ከመጋዘን አዲስ ላምጣልህ» ቢሉህ አዲሱንም እንደገና ሞክረው።

ግራፍ እያዩ ስለሚገዙ ሰዎችም ጠይቀሃል። ግራፍ ኢርፎኑ የትኛውን ድምፅ ምን ያህል እንደሚያጎላ የሚያሳይ መስመር ነው፤ ይጠቅማል፣ እኔም አያለሁ። ልኬቱ የሚወሰደው የሰውን ጆሮ እንዲመስል በተሠራ የብረት ቱቦ ነው፣ መስፈርቱም አይኢሲ 60318-4 ይባላል። ብዙዎቹ ግራፎች ላይ 8,000 ኸርዝ አካባቢ የምታየው ሹል ጫፍ የቱቦው ነው፣ ኢርፎኑ እንደዚያ ይጮኻል ማለት አይደለም። በአንተ ጆሮ ያ ጫፍ እንደ አገባቡ ጥልቀት ይንቀሳቀሳል። የሐርማን ታርጌት የሚባለው መስመርም ብዙ አድማጭ የሚወደውን አማካይ የሚያሳይ እንጂ ሕግ አይደለም። ማወዳደር ከፈለግክ አንድ ሰው በአንድ መሣሪያ የለካቸውን ብቻ ጎን ለጎን እይ።

ወደ አሠራሩ እንምጣ። ርካሽ ኢን-ኢር መጀመሪያ የሚሞተው በገመዱ ነው፣ በተለይ ጃኩ ሥር። ስለዚህ ገመዱ ተነቃይ የሆነውን ምረጥ። በዚህ ዋጋ የተለመደው 0.78 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው ሁለት ፒኖች ያሉት ነው፤ ገመዱ ሲበጠስ በትንሽ ብር ሌላ ትገዛለህ፣ ዋናው አካል ይተርፋል። ስትሰካው ጠበቅ ማለት አለበት፤ ከወዲሁ የሚወላወል ከሆነ በወራት ውስጥ ድምፅ እያቋረጠ ያስቸግርሃል። ሙዚቃ ከፍተህ ሥሩን በእርጋታ አወዛውዘው፣ ጃኩንም አዙረው፣ ምንም መቆራረጥ ሊኖር አይገባም። አንድ የማይታወቅ ጉዳይ አለ፦ ሁለት ፒን በተገላቢጦሽም ሊሰካ ይችላል። አንዱ ወገን ብቻ ከተገለበጠ ግራና ቀኙ ይቃረናሉ፣ ቤዙ ይሟሟል፣ መሐል መቆም ያለበት ዘፋኝ በጭንቅላትህ ዙሪያ ይበተናል። ኢርፎኑ ተበላሸ ብለህ ከመጣልህ በፊት አንዱን ነቅለህ አዙረህ ሰካው።

ቅርፊቱን በጥፍርህ ዳስሰው። የሁለቱ ግማሾች መጋጠሚያ ላይ ክፍተት ወይም የፈሰሰ ሙጫ ካለ ተወው፣ ላብ የሚገባው በዚያ ነው። አፍንጫው ላይ፣ ጎማው የሚገባበት ጫፍ ማለቴ ነው፣ ጥሩ ወንፊት መኖር አለበት፤ የጆሮ ኩክ ድራይቨሩ ጋ የማይደርሰው በእሱ ነው። ወንፊቱ በኩክ ሲደፈን ድምፁ ይደክማል፣ ብዙ ሰው «አረጀ» ብሎ የሚጥለው ወንፊቱ የተደፈነ ኢርፎን ነው። አፍንጫው ጎማውን ቆልፎ የሚይዝ ጠርዝ እንዳለውም እይ፣ አለበለዚያ ጎማው ጆሮህ ውስጥ ይቀራል። ዳይናሚክ ላይ ደግሞ ትንሽ የአየር ቀዳዳ ታያለህ፤ በጣት ወይም በቴፕ አትድፈናት። ስታስገባው «ቀጭ» የሚል ድምፅ ከሰማህ ስሱ ሽፋን በአየር ግፊት እየታጠፈ ነው። ቀስ ብለህ ስታስገባው ከቀረ ችግር የለውም፣ በየጊዜው ከሆነ ግን ሌላ ውሰድ።

የቅርፊቱ ቅርፅም የአንተ ጆሮ ጉዳይ ነው። አምስት ድራይቨር የያዘው ሳጥን ከአንዱ ይወፍራል፤ ትንሽ ጆሮ ካለህ ሙሉ ሠርግ አይዘልቅም፣ የጆሮህን ቅርጫት ያሳምምሃል። ገመዱን ከጆሮህ ጀርባ አዙረህ ልበሰው፤ ስትንቀሳቀስ ልብስህ ላይ እየተፈተገ የሚያሰማው ኮሽታ በጣም ይቀንሳል።

መድረክ ላይ ይሆነኛል ወይ ላልከው። ብሉቱዝ የሆነውን ከወዲሁ ሰርዘው፤ ከ100 ሚሊ ሰከንድ በላይ መዘግየት የተለመደ ነው፣ ቁልፉን ነክተህ ድምፁ ዘግይቶ ሲመጣ መጫወት አትችልም። ባለ ገመዱ ይሆናል፣ ግን የምትሰካበት ቦታ ድምፁን ይለውጠዋል። የኪቦርድ የሄድፎን መውጫ ብዙ ጊዜ ኢምፔዳንሱ (ለኤሌክትሪኩ ያለው መቋቋም) ከስልክ ከፍ ይላል። ባለ ብዙ አርማቸር ኢርፎን ደግሞ የራሱ ኢምፔዳንስ ከድምፅ ድምፅ በጣም ይለዋወጣል፣ ስለዚህ ስልክ ላይ የወደድከው ድምፅ ኪቦርድ ላይ ስትሰካው ሌላ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። አንድ ዳይናሚክ ያለው በዚህ ረገድ ብዙ አይናወጥም። ለአንተ ባለ አንዱን የምመርጥልህ ዋናው ምክንያት ይሄ ነው። ስልክህ የጃክ ቀዳዳ ከሌለው ደግሞ በታይፕ ሲ የሚሰካ አስማሚ ግዛ፣ ውስጡ የራሱ ዳክ (ዲጂታሉን ወደ ድምፅ ሲግናል የሚቀይር ቺፕ) ያለው መሆኑን ግን ጠይቅ፤ ዳክ የሌለው ርካሹ ዓይነት ብዙ ስልክ ላይ አይሠራም።

ጆሮህን አደራ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው 80 ዴሲቤል (የጩኸት መለኪያ ነው) ላይ በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ነው፤ 90 ሲደርስ ወደ 4 ሰዓት ይወርዳል። ሠርግ አዳራሽ ውስጥ ድራምና ሞኒተር ስፒከር አንድ ላይ በቀላሉ 100 ይሻገራሉ። በደንብ የሚዘጋ ኢን-ኢር የውጭውን ጩኸት ስለሚቀንስልህ በዝቅተኛ ቮልዩም መስማት ትችላለህ፣ ጥቅሙ እዚህ ጋ ነው። ሚኒባስ ውስጥም ያው ነው፤ ከስታዲየም አራት ኪሎ ሞተሩና ሬዲዮው እየጮኹ ቮልዩም ከመጨመር ጎማህን አስተካክል። መንገድ ስትሻገር ግን አውጣው። መድረክ ላይ ደግሞ አንዱን አውልቀህ በአንዱ አትጫወት። ብዙ ሙዚቀኛ የታዳሚውን ስሜት ለመስማት ብሎ ያደርገዋል፤ የተከፈተው ጆሮ ሙሉውን ጩኸት ይቀበላል፣ የተዘጋው ላይ ደግሞ ለማካካስ ቮልዩም ይጨመራል። ሁለቱም ይጎዳሉ።

የትኛውን ልግዛ ካልከኝ፣ በውጭ ገበያ 20 ዶላር አካባቢ ከሚሸጡት ውስጥ ሙንድሮፕ ቹ ቱ እና ሰቨን ኸርዝ ሳልኖትስ ዜሮ ሁለቱም አንድ 10 ሚሊ ሜትር ዳይናሚክ አላቸው፣ ሁለቱም ገመዳቸው ይነቀላል፣ ሁለቱም ድምፃቸው የተመጣጠነ ነው። ቹ ቱ ከመግዛትህ በፊት የመጀመሪያው ቹ አለመሆኑን አረጋግጥ፣ የዚያኛው ገመድ አይነቀልም። መድረኩ ሥራህ ከሆነና ገንዘብ ማጠራቀም ከቻልክ ሹር ኤስኢ215 በውጭ 100 ዶላር ገደማ ነው፤ ድምፁ ትንሽ ጨለማ ነው፣ የመዝጋት አቅሙ ግን ለጩኸታም መድረክ ነው፣ ድርጅቱ እስከ 37 ዴሲቤል ይቀንሳል ይላል። ብሩ በሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የኢምፖርት ዕቃ ዋጋ አንድ ቦታ አይቆምም፤ ስለዚህ ፒያሳ የሰማኸውን ዋጋ ቦሌና መርካቶም ጠይቅ። ኮፒ ስለሚበዛም ከዋጋው በፊት «ቤት ሞክሬ ችግር ካለው ትቀይርልኛለህ?» በለው። በቃሉ ሳይሆን ደረሰኝ ላይ ጽፎ ከሰጠህ ጥቂት ብር ጨምረህም ቢሆን ከእሱ ግዛ።

የቀረው የባንዳችሁ ሚክሰር ነው። ኪቦርድህ ላይ ብቻ ከሰካህ የምትሰማው ራስህን ነው፣ ዘፋኙንና ድራሙን ለመስማት ከሚክሰሩ ኦክስ አውት (ለአንተ ብቻ የተቀላቀለውን ድምፅ የሚያወጣ መሰኪያ) ወደ ትንሽ የሄድፎን አምፕሊፋየር መውሰድ አለብህ። ኦክሱ ብዙ ጊዜ ሞኖ (ባለ አንድ ቻናል) ስለሆነ ስቴሪዮ ኢርፎንህን በተራ አስማሚ በቀጥታ ብትሰካው ብዙ ጊዜ አንዱ ጆሮ ብቻ ነው የሚሠራው። የሚክሰሩን ዓይነትና ስንት ኦክስ እንዳለው ጻፍልኝ፣ የትኛውን ገመድና የትኛውን አምፕሊፋየር እንደምትፈልግ እነግርሃለሁ።